ባሕር ባይኖረን ጣና አለን

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

በመርከብ ላይ ስለሚነሣ ወረርሽኝ ሲወራ «እኛ ጎጃሞች ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ገዳማት በጀልባ የሚሻገረውን ምዕመንና ቱሪስት ያየ ግን እንዲህ አይልም።

በ2012 ዓ.ም. በጃፓን ዮኮሃማ ወደብ ላይ የቆመችው የቱሪስት መርከብ ዳይመንድ ፕሪንሰስ 3,711 ሰዎች ይዛ ነበር፤ ከ700 በላይ በኮቪድ ተያዙ። ተሳፋሪው ክፍሉ ተዘግቶበት ሳለ ሠራተኞቹ ግን ምግብ እያመላለሱ፣ አብረው እየበሉ፣ ክፍል ተጋርተው እያደሩ ቀጠሉ። ቀዳዳው እዚያ ነበር።

ዓለም አቀፉ የጤና ደንብ የመርከብ አዛዥ በመርከቡ ላይ የታመመ ሰው መኖሩን ወደብ ሳይደርስ አስቀድሞ እንዲያሳውቅ ያዛል። የእኛም ጀልባ ነጂ ከመድረሱ በፊት ለጤና ጣቢያ ቢደውል ምን ይከብደዋል? አንዲት ስልክ ናት።

ከሁሉ የሚያሳስበን ኖሮቫይረስ የተባለው የሆድ በሽታ ቫይረስ የሚያስከትለው ትውከት ነው። ውኃ ደፍቶ ወደ ሐይቁ መጥረግ በሽታውን ያሰፋል፤ ያንን ውኃ የሚጠጣ ሰው አለና። ጓንት አድርጎ በጨርቅ ሸፍኖ ማንሣት፣ በፌስታል ማሰር፣ ቦታውን በሳሙና ማጠብ ይቀድማል። ቆሻሻ ክሎሪንን ስለሚያደክም ሳያጥቡ በረኪና መድፋት ከንቱ ነው። ከዚያ 5 በመቶ የሆነ በረኪና 1 ኩባያ በ9 ኩባያ ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጦ ማፍሰስና 10 ደቂቃ መተው። የትናንቱ ብጥብጥ ኃይሉ ስለሚደክም በየቀኑ አዲስ ይበጥበጥ። የእጅ አልኮል ኖሮቫይረስን በደንብ አይገድልም፤ በየጀልባው ሳሙናና ውኃ ይቀመጥ።

የጤና ባለሙያዎች፣ ከባሕር ዳር