ቡፌውን ያወጣሁ ቀን

ልጄ፣

ትናንት ስልኩን ከዘጋህ በኋላ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ከሚስትህ ጋር ስትለያዩ ዕቃውን እንዴት እንደምትካፈሉ ብጠይቅህ፣ «ፍሪጁም ቴሌቪዥኑም በእኔ ደሞዝ የተገዙ ናቸው፤ ደረሰኙም በስሜ ነው» አልከኝ። እኔም አንድ ቀን እንደዚሁ ብያለሁ።

እናትህና እኔ ስንለያይ የምንኖረው ዶሮ ማነቂያ ነበር። አንተ ገና አራት ዓመትህ ነው። ቡፌውን የገዛሁት እኔ ነኝ ብዬ ድርቅ አልኩ። ሽማግሌዎች ቢለምኑኝም አልሰማ አልኩ። አራት ተሸካሚ ይዤ መጥቼ ከራስ መኮንን ድልድይ ማዶ ወሰድኩት። የተከራየኋት ክፍል በር አላስገባው አለ። ክረምቱን ሙሉ ላስቲክ ለብሶ በረንዳ ላይ ከረመ። እንጨቱ አብጦ መሳቢያው አልከፈት አለ። መስከረም ላይ ፈልቅቄ ስከፍተው ቢጫዋ የፕላስቲክ ኩባያህ ውስጡ ተገኘች። ያለሷ ወተት አልጠጣም የምትላት። እናትህ ክረምቱን ሙሉ ስትፈልጋት እንደነበር በኋላ ሰማሁ። አፍሬ ሳልመልስልህ ቀረሁ።

እስቲ ስማኝ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ንብረት በአንዳችሁ ስም ቢመዘገብ እንኳ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ነው ይላል። ደሞዝህም የጋራ ነው። ሚስትህ ቤት ውላ ሕፃኗን ባትይዝልህ አንተ ያን ሁሉ ትርፍ ሰዓት ትሠራ ነበር? ክፍፍሉ እኩል ነው። ከጋብቻ በፊት የነበራት፣ የወረሰችውና በስጦታ ያገኘችው ደግሞ የግሏ ነው። እናቷ የሰጠቻትን ሐብልና ረከቦቱን እንዳትነካ። ሶፋውን በእቁብ ነው የገዛችሁት። ለቤታችሁ የገባችሁት ዕዳ ስለሆነ ቀሪው መዋጮም የሁለታችሁ ነው፤ እሷ ላይ ጥለህ እንዳትወጣ።

ዝርዝሩን አብራችሁ ጻፉ። ከጓዳ ጀምሩ፤ ጠብ የሚነሳው በምጣዱና በድስቱ ነው። ለእያንዳንዱ ዋጋ አውጡለት። ፍሪጅ ለሁለት አይሰነጠቅም፤ አንዳችሁ ወስዳችሁ ለሌላው ግማሽ ዋጋውን ክፈሉ። ካልተስማማችሁ ተሽጦ ብሩን ተካፈሉ። በሁለት ቅጂ ፈርሙ፣ ምስክርም ይኑር።

የሕፃኗን አልጋ፣ ብርድ ልብስና መጫወቻ ግን ዝርዝሩ ውስጥ እንዳታስገቡ። ባሉበት ይቀመጡላት።

አይሱዙ ከመጥራትህ በፊት ደውልልኝ። ቅዳሜ ጠዋት አራት ኪሎ እመጣለሁ። አንድም ዕቃ ሳይወጣ መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ አብረን ከፍተን እናያለን።

አባትህ