ከካይሮ፣ ስለዚያ ምሽት

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ «የሆድ ዳንስ አየሁ» ስልሽ «ምነው እህቴ፣ እዚያ ደግሞ ምን ልትሠሪ ሄድሽ!» ብለሽ ደነገጥሽ። ወዲያው መስመሩ ተቋረጠ። ነገሩ ሆዴ ውስጥ ስለቀረ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ።

የጋበዘችኝ አብራኝ የምትሠራ ግብፃዊት ናት። ቦታው ናይል ላይ የሚሄድ ጀልባ ነው። እኔም እንዳንቺ ፈርቼ ነበር። የወንዶች መጠጥ ቤት መስሎኝ ሻርፔን እስከ አገጬ ጠቅልዬ ሄድኩ። ስገባ አያቶች፣ ሕፃናት፣ ሙሽሮች ጭምር ተቀምጠዋል።

ግብፆቹ «ራቅስ ሻርቂ» ነው የሚሉት፤ የምሥራቅ ዳንስ ማለት ነው። ሆድ የሚል ቃል የለበትም። የዳንሰኛዋ ሆድም ቢሆን በስስ መረብ ተሸፍኗል፤ የአገሩ ደንብ ነው።

መጀመሪያ ባንዱ ብቻውን ተጫወተ። ቫዮሊን፣ ቃኑን የሚሉት ባለ ብዙ ክር መሣሪያ፣ አኮርዲዮን፣ ታብላ የሚሉት ከበሮ። ከዚያ እሷ ገባችና መድረኩን እየዞረች ሁላችንንም በፈገግታ ሰላም አለችን። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ጓደኛዬ ጎሸም አድርጋኝ «ቀና በይና እያት እንጂ! አጨብጭቢላት» አለችኝ።

ቀና ማለቴ በጀኝ። ሌላው መሣሪያ ሁሉ ጸጥ ብሎ ታብላው ብቻ ቀረ። መቺው የከበሮውን መሃል «ዱም» ሲያደርገው ዳሌዋ ዝቅ ይላል። ጠርዙን በጣቱ «ተክ» ሲያደርገው እዚያው ላይ ቀጥ ትላለች። ጣቶቹን ሲያርገፈግፋቸው ወገቧ ይንቀጠቀጣል፣ ትከሻዋ ግን ንቅንቅ አይልም። እህቴ፣ በጆሮዬ የምሰማውን ከበሮ በዓይኔ አየሁት! ስንት ዓመት ቢለፋበት ነው እንዲህ የሚሆነው?

ሲያርፉ ጓደኛዬ ታሪኩን አጫወተችኝ። ሴቶች በየቤቱና በየሰርጉ ባላዲ የሚባለውን ይጨፍሩ ነበር። ባዲዓ ማሳብኒ የምትባል ሴት በ1926 እ.ኤ.አ. እዚሁ ካይሮ የራሷን የምሽት ቤት ከፈተች። ጭፈራውን ለትልቅ መድረክ፣ ከትልቅ ባንድ ጋር እንዲሆን አድርጋ አሳደገችው። እነታሂያ ካሪዮካና ሳሚያ ጋማል እሷ ዘንድ ጨፍረው ነው ኋላ በፊልም የገነኑት። አንዲት ሴት ያን ጊዜ ይህን ማድረጓ በጣም ነው የገረመኝ።

መጨረሻ ላይ አጠገቤ የነበሩ አንዲት አሮጊት እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እልል አሉ። እነሱ «ዛግሩታ» ይሉታል፣ ድምፁ ግን የኛው እልልታ ነው። ከመጣሁ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ሳላስበው እኔም እልል አልኩ። አሮጊቷ ዞር ብለው አዩኝና እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙት። ጀልባው እስኪቆም አልለቀቁኝም።

ደብዳቤውን ለእማዬ አንብቢላት። የእልልታው ጋ ስትደርሺ ቀስ በይ።

የምትወድሽ እህትሽ