መሶቡ እዚሁ ይቆይሽ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣ ከነባለቤትሽ እንደምን ሰንብታችኋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

«ዕቃዬን በሙሉ ላኪልኝ» ብለሽኝ፣ አዘዞ ያስቀመጥሽውን አንድ በአንድ አየሁት። ግማሹ እንኳ አይሄድም። አትቆጪ፣ መጀመሪያ ስሚኝ።

ካናዳ ስትገቡ ለጉምሩክ «በኋላ ይመጣል» ብለሽ ያስመዘገብሽው የዕቃ ዝርዝር አለ አይደል? የእሱን ቅጂ በቴሌግራም ላኪልኝ። ያለ ቀረጥ የሚገባልሽ ከመሄድሽ በፊት የአንቺ የነበረና የተገለገልሽበት ዕቃ ነው። አክስትሽ ሰሞኑን የገዛችልሽ ድስት በዚያ አይገባም፤ ብነግራት ግን አልሰማ ብላለች።

የመሶቡ ነገር ደግሞ የሚገርም ነው። የጭነት ወኪሉ እንዳስረዳኝ፣ በአውሮፕላን ሲላክ ሚዛኑ ብቻ አይታይም። የካርቶኑ ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሳንቲ ሜትር ተባዝቶ ለ6000 ይካፈላል፤ ውጤቱ ከሚዛኑ ከበለጠ የምትከፍዪው በእሱ ነው። መሶብሽ ከነክዳኑ 60 በ60 በ80 ካርቶን ይፈልጋል። ሲሰላ 48 ኪሎ! በአንድ እጄ የማነሣው ዕቃ! በመርከብ ከሆነ በሜትር ኩብ ያስከፍላሉ፤ አዲስ አበባ ደርሶ፣ ጅቡቲ ወርዶ፣ ከሌላ ሰው ዕቃ ጋር ኮንቴይነር ተጋርቶ ይሄዳል። ይረክሳል፣ ግን ወራት ይፈጃል። በጣውላ ሣጥን ይታሸግ ቢባል እንኳ ጣውላው ነቀዝ እንዳይዝ በሙቀት የታከመ መሆኑን የሚያሳይ ማኅተም ያስፈልገዋል፤ የሰፈራችን አናጢ ያንን ከየት ያመጣል? አልጋና ቁም ሣጥን እዚያው ግዙ።

ምጣዱን እርሽው። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው፣ የእናንተ ግድግዳ ሶኬት 120። እንጀራ የሚያወጣ ሙቀት አያገኝም። እዚያ ያሉ ሐበሾች በምን እንደሚጋግሩ ጠይቂ። ይኼኛውን እህትሽ ወስዳዋለች፤ ከእሷ ጋር ተነጋገሩ።

የአያትሽን የብራና ዳዊት ላኪልኝ እንዳትዪኝ። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይከለክላል። ባይከለክልም አልሰጥሽም ነበር።

የሚሄደው ይኼ ነው፦ ጋቢዎችሽ፣ የጥልፍ ቀሚስሽ፣ ስኒዎቹ በጋቢው ተጠቅልለው፣ ጀበና (አንዱ ቢሰበር ብዬ ሁለት አድርጌዋለሁ)፣ በርበሬና ሽሮ። ቋንጣ ግን አልክም፣ ሥጋ አያስገቡም። አንቺም ሰው ሲመጣ «ደብቀህ አምጣልኝ» እንዳትዪ፤ ሳይናገር ቢያዝ ይቀጣል።

ቤቱን በአንድ ወር ልሙላው አትበዪ። ክረምቱ ሳይገባ መጀመሪያ ካፖርትና ጫማ ግዙ፤ ሶፋ ይደርሳል። ጎረቤት ግን አይቆይም፤ ቶሎ ቡና አፍልተሽ ጥሪያቸው። ቡናውን ስትቆዪው መስኮት ክፈቺ፣ ዕጣኑንም ቀነስ አድርጊ። የጓደኛዬ ልጅ በዚያ አገር ቡና ስትቆላ ጣራው ላይ ያለው የጭስ መጥሪያ ጮሆ ሕንፃው ሁሉ ደረጃ ላይ ወጥቷል አሉ። እንዲያም ሆኖ ከጎረቤት ተዋውቃበታለች።

ዝርዝሩን እስከ ቅዳሜ ላኪልኝ፤ የአጎትሽ ልጅ እሑድ ወደ አዲስ አበባ ይነሣል፣ ካርቶኑን እሱ ያደርሰዋል። የመሶቡን ነገር ከአባትሽ ጋር እንዳትጀምሪው፤ እሱ ይላክ ባይ ነው።

እናትሽ፣ ከጎንደር