የአርቡ ኩኪስ

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት አደረገሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በስልክ ላጫውትሽ ብል ገና ሰላም ሳልልሽ «በይ ሂሳብ ይቆጥርብሻል» ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። በነጻ ነው ብልሽም አታምኝም። ስለዚህ ጻፍኩልሽ። መነጽርሽ ካስቸገረሽ እህቴ ታንብብልሽ፣ ግን እንዳትዘል ንገሪያት።

ነገሩ የኩኪስ ነው። አትሳቂ።

አባዬ፣ ነፍሱን ይማርና፣ አርብ አርብ ከሥራ ሲመለስ ከፒያሳ ይዞልን የሚገባው ግማሽ ኪሎ ትዝ ይልሻል? ነጭ ካርቶን፣ በሲባጎ የታሰረ፣ ክዳኑ በቅባት ወዝቶ። ኩኪሱ እንደ ኮከብ ተጠማዝዞ መሀሉ ላይ ቀይ ማርማላታ ጠብ ያለበት። አፍ ውስጥ ገና ሲገባ ፍርክስክስ ይላል። ሲባጎውን ማንም እንዲቆርጠው አትፈቅጂም ነበር። ትፈቺና ጠቅልለሽ መሳቢያ ውስጥ ትከቺዋለሽ።

በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ቪዲዮውን እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቁጭ ብዬ አየሁት። ኬክ ቤቱ የቱ ጋ እንደነበር ለመለየት ሦስት ጊዜ እየመለስኩ አየሁ። አልለየሁትም። በዚያው ቅዳሜ ሄጄ ዱቄት ገዛሁ።

ጥሩ ነገር በጥሩ ዕቃ ይሠራል ብዬ ምርጥ ቅቤና እንቁላል ነበር የተጠቀምኩት። ወጣና ምን ልበልሽ፣ ቢጫ፣ ጠፍጣፋ፣ ደረቅ። ኮከቡ ቀልጦ ቂጣ ሆነ። በከፍታው አመካኘሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ናት፣ ውሃ እንኳን 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላባታል፤ እዚህ ደግሞ ቆላ ነው። ለካ ከፍታው ምን በወጣው! እንቁላል ቀነስኩ፣ ቅቤ ጨመርኩ፣ እሳት አበረድኩ። ወራት ፈጀብኝ። ልጄ በየጊዜው ትቀምስና «ይጣፍጣል፣ ግን ያልሽው አይደለም» ትለኛለች። ያልኩትን ቀምሳው አታውቅም እኮ! ፊቴን አይታ ነው።

ከዕለታት አንድ አርብ ማታ ሻይ ቀድቼ ቁጭ ስል አንቺ መጣሽብኝ። በርጩማሽ ላይ ሆነሽ፣ ነጠላሽን ትከሻሽ ላይ ጣል አድርገሽ፣ አንዷን ኩኪስ ሻይ ውስጥ ነከር አድርገሽ ቶሎ ወደ አፍሽ። ሁልጊዜ አንድ ብቻ። እኔም ሻዩን እንደያዝኩ ቀረሁ። ቀኑ አርብ ነው! ረቡዕና አርብ ቅቤ በአፍሽ ዞሮ አያውቅም። የፆም ድስትሽን በፍስክ ማማሰያ የነካ ሰው እንኳ ከቤት ሊባረር ምንም አይቀረው። ታዲያ ቅቤና እንቁላል ያለበት ኩኪስ እንዴት በላሽ?

አልበላሽማ። የፆም ኩኪስ ነበር።

እኛ ልጆች ነበርን፣ አንፆምም። አባዬ ለእኛ የፍስኩን መግዛት ይችል ነበር። ያንቺን ነው የገዛው ማለት ነው። እኔ ደግሞ ይኼን ሁሉ ዓመት የእኛ ይመስለኝ ነበር። እስቲ ንገሪኝ፣ ታውቂ ነበር?

ከዚያ ወዲያ ያለው ቀላል ነው። ቅቤ ውስጥ ስቡ 80 በመቶ ገደማ ነው። የቀረው አብዛኛው ውሃ ሲሆን ጥቂት የወተት ትራፊ አለበት። ያ ትራፊ ነው ኩኪሱን የሚያጠቁረው። የእኛው ደግሞ ነጭ ነበር፣ አስታወስሽ? የሚረጋው የአትክልት ቅባት፣ እዚህ ሾርተኒንግ የሚሉት፣ ሙሉ በሙሉ ስብ ነው። ዱቄቱን ይሸፍነዋል፤ ዱቄቱ እንደ ዳቦ ሊጥ እርስ በርሱ አይያያዝም። መፈርከሱም ከዚያ ነው።

200 ግራም ቅባት ከ100 ግራም የላመ ስኳር ጋር ነጭ እስኪሆን መታሁ። 250 ግራም ዱቄት፣ 50 ግራም የበቆሎ ስታርች፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ውሃ፣ ቫኒላና ቁንጥር ጨው ጨመርኩበት። አፉ የኮከብ ቅርጽ ባለው ከረጢት ጨምቄ ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥኩት፣ ካልቀዘቀዘ ቅርጹ ይሄዳል። ማርማላታውን ጠብ አድርጌ በ175 ዲግሪ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ። ጠርዙ መቅላት ሳይጀምር አወጣሁት። አንዳንድ ማርጋሪን ውስጥ የወተት ነገር ስለማይጠፋ የዕቃውን ጀርባ አንብቤ ነው የገዛሁት። ያስገድፈኛል ብለሽ አትስጊ።

ልጄ ቀመሰችና ምንም አላለችም። ሁለተኛውን አነሳች።

ግን እማዬ፣ አሁንም አንድ ነገር ይጎድለዋል። ያኛው ሎሚ ሎሚ ይሸት ነበር ወይስ እኔ ነኝ የጨመርኩበት? ከአንቺ ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም።

ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው አግኝቻለሁ። ሻንጣው ሞልቶ ነበር፣ ለምኜው አንድ ኪሎ እሺ አለኝ። ለሁዳዴ ይደርስልሻል። መንገድ ላይ ከተፈረካከሰ በማንኪያ ብይው። ሲባጎ ፈልጌ አጥቼ በሪቫን አስሬዋለሁ።

አንዷን በሻይ ቅመሺና የሎሚውን ነገር ደውለሽ ንገሪኝ። ሂሳቡ በእኔ ነው።

ልጅሽ