የክራፍትወርክ መመለስና የጎንደር ማሲንቆ

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፤

ረጅም ጊዜ ጠፍተው ስለተመለሱ የቴክኖ (በማሽን ምት የሚሠራ የጭፈራ ሙዚቃ) ቡድኖች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብበናል። የጀርመኑ ክራፍትወርክ እ.ኤ.አ. በ1986 «ኤሌክትሪክ ካፌ»ን ካወጣ በኋላ እስከ 2003 አዲስ አልበም አልነበረውም መባሉ ልክ ነው። 17ቱ ዓመት በዝምታ አለፈ መባሉ ግን እርማት ይፈልጋል። በ1991 የቀድሞ ሥራዎቻቸውን እንደገና ሠርተው «ዘ ሚክስ» ብለው አውጥተዋል፤ በ1999 ደግሞ ለሃኖቨሩ የዓለም ኤግዚቢሽን፣ ለኤክስፖ 2000፣ ነጠላ ዘፈን ሠርተዋል።

ከሁሉ በላይ የቆጨን አልበሙ ከምን እንደተሠራ አለመነገሩ ነው። ከ2003ቱ «ቱር ዴ ፍራንስ ሳውንድትራክስ» ውስጥ «ኤሌክትሮ ካርዲዮግራም» የሚለውን በጆሮ ማዳመጫ ስሙት፤ የልብ ትርታና የሰው ትንፋሽ ቅንብሩ ውስጥ ገብቷል። በ1983ቱ ነጠላ ዘፈናቸውም ትንፋሽና የብስክሌት ሰንሰለት ይሰማል። እጃቸው ላይ ያለውን ድምፅ ነው ለማሽኑ የሰጡት። ጎንደር ላይ በኮምፒውተር ቢት ለሚሠሩ ልጆች እጃቸው ላይ ያለው ማሲንቆ ነው፤ በቴክኖ ላይ ሲጭኑት ግን ብዙ ጊዜ ይበላሻል።

የመጀመሪያው ጥፋት ምቱ ላይ ነው። ቴክኖ እያንዳንዱን ምት ለ4 ስለሚከፍል አራት ምት ያለው አንድ ዙር (ባር) 16 ሳጥን አለው። አብዛኛው የእስክስታ ዜማችን ደግሞ ምቱን ለ3 ይከፍላል። ማሲንቆው በኳንታይዝ (ድምፁን ወደ ቅርቡ ሳጥን በሚስበው የሶፍትዌር ትእዛዝ) ተጎትቶ 16ቱ ሳጥን ውስጥ ሲገባ ትከሻ የሚያነሳው ነገር ይሞታል። ስለዚህ ሶፍትዌሩን ወደ ትሪፕሌት (ምቱን ለ3 መክፈያ) ቀይራችሁ ባሩን ለ12 ክፈሉት፤ ኪኩን (ወፍራሙን የከበሮ ምት) በ1፣ በ4፣ በ7 እና በ10፣ ጭብጨባውን በ4 እና በ10 ላይ አድርጉት። ቴምፖውን (ፍጥነቱን) በደቂቃ ከ125 ምት ጀምራችሁ ሞክሩ።

ሌላው ቅኝቱ ነው። ማሲንቆ በዘፋኙ ጉሮሮ ልክ ስለሚቃኝ ከኪቦርድ ጋር እምብዛም አይገጥምም፤ ማሽኑ ነው ወደ እሱ መምጣት ያለበት። ጭራው በጣት ሳይጫን በደጋን ብቻ ሲመታ የሚሰጠውን ድምፅ በመቃኛ አፕ ለኩ። 220 ኸርዝ (በሰከንድ 220 ንዝረት) ከሆነ ኪኩን ሩቡ ላይ፣ ማለትም 55 ላይ፣ 212 ካሳየ 53 ላይ ቃኙት። የድምፅ ማረሚያውን (ኦቶቲዩኑን) ደግሞ አጥፉት! በተለይ የአንቺሆዬን ቅኝት ወደ ፒያኖ ድምፆች እየጎተተ ያፈርሰዋል።

ሲቀረጽ ማይኩ ከቆዳው 30 ሳንቲሜትር ያህል ይራቅ፤ ከቀረበ ከዜማው ይልቅ የደጋኑ ፍትጊያ ይጎላል። በክረምት እርጥበት ቆዳውን ስለሚያላላው አስቀድሞ እሳት ዳር ቢሞቅ ይሻላል። የሶፍትዌሩን በፈር (ድምፁ ከመውጣቱ በፊት የሚጠራቀምበትን መጠን) 128 ላይ አድርጉት። 1024 ላይ ከተተወ ድምፁ ከ20 ሚሊሰከንድ በላይ ዘግይቶ ለተጫዋቹ ጆሮ ስለሚደርስ አብሮ ይጎተታል። ላፕቶፑንም ሞልታችሁ ከሶኬት ነቅላችሁ ቅረጹ፤ የመብራት እምምታ 50 ኸርዝ ላይ ስለሆነ ከኪኩ ጋር ይጋጫል። ለማንኛውም ማሲንቆው ላይ ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጡት።

ሲያልቅ በስልክ ስፒከር ስሙት። ፒያሳ ካፌዎች ውስጥ ያሉት ትንንሽ ስፒከሮችም 50 ኸርዝን አያወጡም። ኪኩ ከጠፋ ባስ መጨመር ስፒከሩን ከማንጫረር በቀር ፋይዳ የለውም፤ 2,000 ኸርዝ አካባቢ አጭር ቀጭን ጠቅታ ደርቡበት።

በጎንደር በሙዚቃ ቀረጻና ቅንብር ላይ የምንሠራ ባለሙያዎች