ቅዳሜ ወደ ሰርፍ ቦርድ ቀራጩ ቤት

ሰላም ውድ አባላት፣

ቅዳሜ ጠዋት እዚሁ ሳን ዲዬጎ ያሉትን አንጋፋ የሰርፍ ቦርድ (በባሕር ማዕበል ላይ ቆመው የሚንሸራተቱበት ሰሌዳ) ቀራጭ ልናይ እንሄዳለን። ማስክ እንዳትረሱ፤ ቦርዱ የሚቀረጽበት ፎም (ቀላል፣ አረፋ መሰል ፕላስቲክ) ብናኙ ለሳንባ አይበጅም።

ባለፈው ስሄድ ልቤ የቀረው መብራቱ ላይ ነው። ክፍሉን ያጨልሙና ግራና ቀኝ ግድግዳው ላይ፣ ወገብ አካባቢ፣ ረጃጅም አምፖሎች ያበራሉ። ብርሃኑ በጎን ሲመጣ ትንሿ ጉብታ እንኳ ጥላ ትጥላለች። ፎሙን በመላጊያ ይልጉታል፣ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሱታል፣ ከዚያ በመዳፋቸው ይዳስሱታል። እኔ ፈጽሞ ያላየሁትን እብጠት መዳፋቸው አገኘው! እውነት ለመናገር ይህን ነገር ቪዲዮ አያስተምርም።

ድሮ ቦርዱ ባልሳ ከሚባል ቀላል እንጨት ነበር የሚሠራው፤ ፎም የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው። ስለዚያ ጠይቋቸው፣ ደስ ይላቸዋል።

መኪና የሌላችሁ ጻፉልኝ፣ አብረን እንሄዳለን።