እማዬ፣ ስለ መምጣትሽ

ይድረስ ለውድ እናቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ፣ ተመስገን።

«ውሰጂኝ፣ ካንቺ ጋር ልኑር» ያልሽኝን ሳብሰለስል ሰነበትኩ። ጎረቤታችን እኔ ስላለሁበት፣ ሰሜን ዋልታ አጠገብ ስላለው የኖርዌይ ደሴት፣ «ስቫልባርድ ቪዛ አይጠይቅም» ያለሽ ውሸት አይደለም። በ1920 እ.ኤ.አ. በተፈረመ ውል መሠረት ነው። ግን አውሮፕላኑ የሚነሳው ከዋናው የኖርዌይ ምድር ነው፣ ከኦስሎ ወይም ከትሮምሶ። በዚያ ለማለፍ ደግሞ ሁለቴ የሚያስገባ የሼንገን ቪዛ (ብዙ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚጠቀሙበት ቪዛ) ያስፈልግሻል። ይቺን ማንም አይናገራትም!

«ለመሆኑ እዚያ አውሮፕላን ይደርሳል?» ላልሽው፣ ይደርሳል እንጂ። ኤርፖርቱ የምሠራበት አይደል? ከዚህ ወደ ሰሜን ቢኬድ መደበኛ የመንገደኛ በረራ ያለው ኤርፖርት የለም። የተከፈተው በ1975 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የመጨረሻው መርከብ ከሄደና ባሕሩ በረዶ ከሠራ፣ ሰዉ እስኪሞቅ ድረስ እዚሁ ታግቶ ይከርም ነበር። አሁን ፖስታውም ያንቺ በርበሬም በአየር ይመጣል።

ሻንጣ የሚዞርበት ማሽን መሃል ላይ ቆዳው ተሞልቶ የቆመ ነጭ ድብ አለ። ሕፃናት ያለቅሳሉ፣ አዋቂዎቹ ፎቶ ይነሳሉ። ማኮብኮቢያው ግን መከራ ነው። ከሥሩ ያለው መሬት ዓመቱን ሙሉ በረዶ ነው። በበጋ ላዩ ሲቀልጥ አስፋልቱ ይሰምጣል፣ ይጠገናል፣ ደግሞ ይጎረብጣል። አየሩ እየሞቀ ሲመጣ ብሶበታል።

ከኤርፖርቱ በላይ ተራራው ውስጥ የዓለም የዘር ማከማቻ አለ። አዲስ አበባ ካለው የከብት ምርምር ተቋም የተላከ የመኖ ዘርም ተቀምጦበታል። ከአገርሽ የመጣ ዘር አለ፣ አንቺ ግን እዚህ መኖር አትችዪም።

ሆስፒታሉ ትንሽ ነው። ነፍሰ ጡር እንኳ ቀኗ ሲቃረብ ወደ ዋናው የኖርዌይ ምድር ትበራለች። ለአረጋውያን የሚሆን እንክብካቤ የለም፤ እዚህ የሚኖር ራሱን የቻለ ብቻ ነው። ጭጋግ ወይም ነፋስ ሲይዝ ደግሞ አውሮፕላኑ ሳያርፍ ይመለሳል። ያን ቀን ብትታመሚብኝስ? እኔ አልደፍረውም፣ እማ።

ለጥየቃ ግን ነይልኝ፣ በሰኔ። ፀሐይዋ ጨርሶ አትጠልቅም፤ የሠርክ ጸሎትሽን መቼ እንደምታደርሺ እናያለን። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት መጀመሪያ ግን ፀሐይ የሚባል ነገር የለም፣ አታስቢው።

ፓስፖርትሽን ወንድሜ ያሳድስልሽ። በርበሬውን ደግሞ በሁለት ፌስታል አድርጊው። ባለፈው ባልደረቦቼ ሲያስነጥሱ ዋሉ።

ልጅሽ